‹‹ትንፋሽ ይጨምራል›› የተባለለት ክኒን ያዋጣል?

ቅዳሜና እሁድ ማለዳ ከመገናኛ ተነስቶ በገርጂ አድርጎ ወደ ሰሚት፣ ወደ ሲኤምሲና ወደ አያት የሚያልፍ ሰው ሕንፃ ያልበላው ባዶ መሬት በተገኘበት ሁሉ ኳስ ሲጠለዝ ያያል። ሜዳው ከዓመት ዓመት ቢጠብም ኳሱ አልቆመም። የተቀየረው ወሬው ነው። ድሮ ጨዋታ ሲያልቅ የሚወራው ማን ማንን በቀኝ አሳይቶ በግራ እንዳለፈው፣ ማን ባዶ ጎል እንደሳተ ነበር። ዛሬ ዛሬ ማሊያው ሳይወልቅ ወሬው ወደ ክኒን መዞር ጀምሯል። ‹‹አንተ ልጅ፣ ሁለተኛው አርባ አምስት ላይ እንዴት ነው የማትደክመው?›› ይላል አንዱ። ‹‹ጂም የነገሩኝን ነገር እየወሰድኩ ነዋ!›› ይመልሳል ሌላው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ‹‹ስንት ነው? የት ይገኛል?››

ስንት ነው ከማለት በፊት ምንድን ነው የሚለው ቢቀድም ጥሩ ነበር። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ አትላስ፣ ሃያ ሁለት፣ ገርጂ፣ ጂም ያልተከፈተበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ጂም ባለበት ደግሞ ትላልቅ የፕላስቲክ ጣሳዎች አይጠፉም። ዌይ ፕሮቲኑ፣ ክሬቲኑ፣ ግሉታሚኑ፣ ጡንቻው ሊፈነዳ የደረሰ ሰው ፎቶ የተለጠፈበት ሁሉ በየዓይነቱ ይደረደራል። ከነዚህ መሃል ፎቶም ጌጥም የሌላት፣ በብልቃጥ የምትሸጥ ክኒን አለች። ሙሉ ስሟ ኤን-አሴቲል ሲስቴይን ነው። ባጭሩ ኤንኤሲ ይሏታል። ‹‹አንቲኦክሲዳንት ናት፣ አሚኖ አሲድ ናት፣ ትንፋሽ ትጨምራለች፣ ድካም ታጠፋለች፣ ጉበት ታጥባለች›› ተብሎ ይወራላታል። አንድ ክኒን ይሄን ሁሉ ሥራ ከሠራ ለብሔራዊ ቡድኑም በሳጥን ይላክለት ነበር።

እውነቱ ግን ወሬው ሁሉ ባዶ አለመሆኑ ነው። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይሄው ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ‹‹ተዉት›› ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር።

ከሆስፒታል ወደ ጂም

ኤንኤሲ መጀመሪያ የሐኪም ዕቃ እንጂ የስፖርተኛ ዕቃ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒትነት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን ሥራውም አክታን ማቅጠን ነበር። በኋላ ደግሞ ትልቁን ዝናውን ያተረፈበት ሥራ መጣ። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ጉበቱ ሊበላሽ ይችላል። ኤንኤሲ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ውስጥ ከተሰጠ ጉበቱን በአብዛኛው ያድነዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ማርከሻ ብሎ አስፍሮታል። ‹‹ጉበት ታጥባለች›› የሚለው የጂም ወሬ ሥሩ እዚህ ጋ ነው። ጤነኛ ጉበት ያለው አማካይ ግን ፓራሲታሞል የመረዘው ሕመምተኛ አይደለም።

ዕቃው መድኃኒት ነው ወይስ ሰፕልመንት የሚለው ራሱ አሜሪካኖቹን አጣልቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ‹‹ይሄ አስቀድሞ መድኃኒት ሆኖ የተፈቀደ ስለሆነ በሰፕልመንት ስም ሊሸጥ አይገባም›› የሚል ማስጠንቀቂያ ለአንዳንድ ሻጮች ላከ። በ2021 አማዞን ከገበያው አወረደው። በ2022 ደግሞ አስተዳደሩ ለጊዜው በሻጮቹ ላይ እርምጃ እንደማይወስድ አስታወቀና ክኒኑ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። በእንደዚህ ዓይነት ክርክር ያለፈ ዕቃ ነው እንግዲህ በስፖርት ቦርሳ ውስጥ ከታኬታና ከካልሲ ጋር የሚገባው።

የሰውነት ማኬሌሌ

ሚስማር ውጪ ሲያድር ይዝጋል። የሚያዝገው ኦክስጅን ነው። ሰውነትም ኦክስጅንን እያቃጠለ ጉልበት ሲያወጣ ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል። ባለሙያዎቹ ፍሪ ራዲካል የሚሏቸው፣ ያገኙትን ሁሉ የሚነካኩ ረባሽ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ተጫዋቹ በሮጠ ቁጥር ብዛታቸው ይጨምራል፤ ሲበዙ ደግሞ ጡንቻው በደንብ እንዳይኮማተር ያደርጉታል። የድካም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። የጉልበት ማለቅ፣ የውኃ ማነስ፣ ሙቀት፣ የአእምሮ መዛልም አሉ።

እነዚህን ረባሾች የሚያጸዳው ዋናው የሰውነት ዘበኛ ግሉታታዮን ይባላል። የቼልሲው ማኬሌሌ ትዝ የሚለው አንባቢ ሥራው ወዲያው ይገባዋል። ጎል አያገባም፣ ስሙ አይጠራም፣ ግን እሱ ከሌለ መሃሉ ይፈርሳል። ግሉታታዮን የሚሠራው ከሦስት አሚኖ አሲዶች ነው፤ ከግሉታሜት፣ ከግላይሲንና ከሲስቴይን። ሁለቱ እንደ ልብ ይገኛሉ። የሚያጥረው በውስጡ ድኝ ያለበት ሲስቴይን ነው። ሲስቴይን ካለቀ ግሉታታዮን አይሠራም። ኤንኤሲ የሚያደርገው ያንን የጎደለውን ሲስቴይን ማቀበል ነው። ለምን ራሱን ግሉታታዮኑን አንውጠውም የሚል ካለ፣ በአፍ ሲወሰድ አብዛኛው ሆድ ውስጥ ይፈራርሳል። ቆዳ ያቀላል እየተባለ በየውበት ቤቱ የሚወራለትም ይሄው ግሉታታዮን ነው። እሱ ደግሞ ሌላ ወሬ ነውና ለሴቶች ገጽ እንተወው።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

ኤንኤሲ በስፖርቱ ዓለም ስሙ እንዲነሳ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ነው። ስምንት ወንዶች ብስክሌት ላይ ወጥተው መጀመሪያ 45 ደቂቃ በመካከለኛ ኃይል፣ ከዚያም እስኪዝሉ ድረስ በከፍተኛ ኃይል እንዲጋልቡ ተደረገ። ኤንኤሲ የተሰጣቸው ቀን እስኪዝሉ የቆዩበት ጊዜ በአማካይ ከ26 በመቶ በላይ ረዘመ። ሃያ ስድስት በመቶ! ማንኛውም አሠልጣኝ ይሄን ቢሰማ እንቅልፍ አይወስደውም።

ነገር ግን ማስታወቂያው የሚዘላት አንዲት ነገር አለች። ለነዚያ ሰዎች ኤንኤሲ የተሰጣቸው በደም ሥር፣ በግሉኮስ መስቀያው ዓይነት ነው። በአፍ የተዋጠ ኤንኤሲ እንዳለ ሆኖ ደም ውስጥ የሚደርሰው ከ10 በመቶ በታች ነው፤ የቀረውን አንጀትና ጉበት ያስቀሩታል፣ ይለውጡታል። ስለዚህ የብልቃጡ ክኒን የዚያን ጥናት ውጤት ያመጣል ማለት ከሀገር ውስጥ ሊግ አንድ ጨዋታ አይቶ ቻምፒየንስ ሊግ እንደመተንበይ ነው። በደም ሥር መውሰዱስ? የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ፣ ዋዳ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድን ይከለክላል። ሆስፒታል ውስጥ ለሕክምና ካልሆነ በቀር ውስጡ ተራ ውኃ ቢሆን እንኳ ቅጣት አለው። ኤንኤሲ ራሱ በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ መርፌው ግን ያስቀጣል።

ለእግር ኳስ የቀረበው ጥናት የመጣው ከሊቨርፑል ነው፤ ከክለቡ ሳይሆን ከከተማው ዩኒቨርሲቲ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ይህ ጥናት 12 ወንዶችን በስድስት ቀን ውስጥ ደጋግሞ ዮ ዮ ቴስት አስሮጣቸው። ዮ ዮ ቴስት የትኛውም የክለብ ተጫዋች የሚያውቀው፣ በድምፅ ምልክት እየሄዱ እየመለሱ ትንፋሽ እስኪቆረጥ የሚሮጡት ነው። ኤንኤሲ በአፍ የወሰዱት ልጆች በመጨረሻዎቹ ቀናት ካልወሰዱት የተሻለ አቋማቸውን ይዘው ቆዩ። ማለትም አንድ ቀን ሮጦ ለሚያርፍ ሰው ሳይሆን በሁለት ቀን አንዴ ለሚጫወት ሰው ጠቀመ።

ይሄ ለኛ ሀገር ኳስ ባዶ ወሬ አይደለም። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም. ክለቦችን በአንድ ከተማ እየሰበሰበ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያለ መጫወት ሲጀምር ተጫዋቾች ሳያገግሙ በጥቂት ቀናት ልዩነት ወደ ሜዳ መመለስን ለምደዋል። የክረምት የሰፈር ውድድሮችማ ይባስ ብለው አንዳንዴ ጠዋትና ማታ ያጫውታሉ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ኤንኤሲ ቢያንስ የሚያነጋግር ነገር አለው።

መጠኑ ላይ ግን ቆም እንበል። የሊቨርፑሎቹ ልጆች የወሰዱት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊግራም ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ተጫዋች 3,500 ሚሊግራም መውሰድ አለበት ማለት ነው። የተለመደው ክኒን 600 ሚሊግራም ስለሆነ በቀን ስድስት ክኒን ሊውጥ ነው። ብልቃጡ ላይ ‹‹በቀን አንድ›› ተብሎ የተጻፈውን የሚወስድ ሰው የጥናቱን ስድስተኛ ወስዶ የጥናቱን ውጤት ይጠብቃል። ስድስቱን የወሰዱትም ቢሆኑ ሆዳቸው ትንሽ ተረብሿል።

በግሪክ የተሠራው የ2018ቱ ጥናት ደግሞ ጨዋታውን ገለባበጠው። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የሰዎቹን ግሉታታዮን ለኩ። ከዚያ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ያላቸውን ለይተው 36 ወንዶችን በሦስት መደቡ። ሁሉም በቀን 1,200 ሚሊግራም ለ30 ቀን ወሰዱ። ውጤት ያመጡት ከመጀመሪያው ግሉታታዮናቸው ዝቅተኛ የነበሩት ብቻ ናቸው። ባልጎደለ ዕቃ ላይ ቢጨምሩበት ይፈሳል እንጂ አይሞላም። ችግሩ ይሄን የደም ምርመራ አስደርጎ ክኒን የሚገዛ የለም። የጂም ሻጩ ደግሞ ‹‹አንተ አልጎደለህም፣ ይቅርብህ›› ይላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ልምምድን የሚበላ ክኒን

ከሁሉም የሚከፋው ጉዳይ ግን እዚህ ጋ ነው። በተለይ በተስፋ ቡድንና በታዳጊ ፕሮጀክት ያለ ልጅ ይሄን ቢያነበው ደግ ነው።

ፍሪ ራዲካሎቹ ረባሾች ናቸው ተብሏል። ግን ረብሻቸው መልእክትም ነው። ጡንቻው ‹‹ዛሬ ከአቅሜ በላይ ተሠርቶብኛል፣ ለነገ ልጠንክር›› የሚለው እነሱ በሚቀሰቅሱት ምልክት ነው። ጭሱን አፍነህ እሳት መኖሩን ማን ይንገርህ? ሰው ልምምድ የሚሠራው እንዲደክም አይደለም፣ ከድካሙ በኋላ ሰውነቱ ራሱን አሻሽሎ እንዲመለስ ነው። ድካሙን በክኒን ያጠፋ ሰው ማሻሻያውንም አብሮ ሊያጠፋ ይችላል።

ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጀርመን ውስጥ አርባ ገደማ ወጣቶች ለአራት ሳምንት ልምምድ ሠሩ። ግማሾቹ በቀን 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ኢ ተሰጣቸው፣ ሌሎቹ ባዶ ክኒን። ባዶውን የወሰዱት ሰውነታቸው ስኳር የሚጠቀምበት አቅም ተሻሻለ፤ ቫይታሚን የወሰዱት ላይ ያ ማሻሻያ ጠፋ። በ2014 ደግሞ ኖርዌያውያን 54 ሰዎችን ለ11 ሳምንት ተከታትለው ቫይታሚኖቹ በጡንቻ ውስጥ ጉልበት የሚያመነጩ ክፍሎች እንዲበዙ የሚያደርገውን ሂደት እንደሚያዳክሙ አዩ። እውነቱን ለመናገር የኖርዌዮቹ ሰዎች በሩጫ ፈተና ላይ ከሌሎቹ አላነሱም። የተቀነሰው ጡንቻ ውስጥ ያለው ነው።

‹‹ይሄ ቫይታሚን ነው፣ ኤንኤሲ ምን አገባው?›› የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። ስለ ኤንኤሲ ራሱ ደግሞ በ2013 ግሪክ ውስጥ የተሠራ አለ። አሥር ወንዶች ጡንቻ የሚጎዳ ከባድ ልምምድ ከሠሩ በኋላ ለስምንት ቀን ኤንኤሲ ወሰዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነገሩ ያማረ መሰለ፤ እብጠቱና መቆጣቱ ቀነሰ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ባዶ ክኒን ሲወስዱ ጡንቻቸው ወደ ቀድሞ ኃይሉ ሲመለስ ኤንኤሲ ሲወስዱ ወደ ኋላ ቀረ። እብጠቱ ራሱ የጥገናው አካል ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ተጋጩ ማለት አይደለም። ሊቨርፑሎቹ የለኩት የውድድር ሳምንትን ነው፣ ግሪኮቹ የለኩት ማገገምን። በውድድር ሳምንት ላይ ያለ ሰው ዛሬን ማሸነፍ ይፈልጋል። ከውድድር በፊት ባለው የዝግጅት ወር ላይ ያለ ልጅ ግን መጠንከር ነው የሚፈልገው። የኛ ሰፈር ልጆች ደግሞ ክኒኑን የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ በዝግጅት ወር ነው። በተገላቢጦሽ!

ሰሊጥ፣ እንቁላልና ሽሮ

ወደ ኪስ እንምጣ። የ600 ሚሊግራም ኤንኤሲ ክኒን ውስጥ ያለው ሲስቴይን 445 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ ትልቅ እንቁላል ውስጥ 140 ሚሊግራም ገደማ ሲስቴይን አለ። በዚህ ስሌት ሦስት እንቁላል አንዱን ክኒን ይጠጋል ማለት ነው። እንቁላሉ በዚያ ላይ ሰውነት ወደ ሲስቴይን የሚለውጠው ሜታዮኒን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ፣ ከዚያም 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። ክኒኑ ክኒን ብቻ ነው። የብልቃጡን ዋጋ በእንቁላል ዋጋ ያካፈለ ሰው መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

‹‹በጾምስ?›› የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ ሲደመር ከዓመቱ ግማሹን የሚጾም ተጫዋች በየክለቡ አለ። እንቁላል የለም፣ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም። ሆኖም የኛ እናቶች ሳይንሱን ሳይማሩ የሠሩት ነገር አለ። ሽሮና ምስር ድኝ ባላቸው አሚኖ አሲዶች በኩል ደከም ይላሉ፣ ላይሲን በሚባለው ግን ጠንካሮች ናቸው። ጤፍና ሌሎች እህሎች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ሰሊጥ ከተጨመረማ ጨዋታው አለቀ፤ ሰሊጥ በሜታዮኒንና በሲስቴይን ከሚታወቁት የቅባት እህሎች አንዱ ነው። ሁመራ የሚያመርተውን ሰሊጥ ፈረንጅ ገዝቶ ይበላዋል፣ የቦሌ ልጅ ደግሞ ፈረንጅ የሠራውን ክኒን ገዝቶ ይውጣል።

የሀገራችን ሯጮች ነገር ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት የ10 ምርጥ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮችን ምግብ ለአንድ ሳምንት መዝግቦ ነበር። ከሚያገኙት ጉልበት 64 በመቶው ከካርቦሃይድሬት፣ 12 በመቶው ከፕሮቲን የተገኘ ነው፤ ምግቡም ባብዛኛው ከዕፅዋት የመጣ ነበር። በዚህ ገበታ ነው ዓለምን ሲያስከትሉ የኖሩት። ቦሌ ላይ ስማቸው የተጻፈባቸው ሕንፃዎች የቆሙት በክኒን ትርፍ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ሰፕልመንት ውስጥ የሚሠራ የለም ወይ? አለ። የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሰነድ አቋምን በቀጥታ ለማሻሻል በቂ ማስረጃ አላቸው ያሏቸው አምስት ናቸው፤ ካፌይን፣ ክሬቲን፣ ናይትሬት፣ ቤታ አላኒንና ሶዲየም ባይካርቦኔት። ኤንኤሲ ከነሱ ውስጥ የለበትም። ናይትሬቱ ቀይ ሥር ውስጥ አለ፣ ካፌይኑ ደግሞ ቡና ውስጥ። ዋዳ ካፌይንን ከተከለከሉት ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ለሀበሻ ደጋፊም ለሀበሻ ተጫዋችም ከዚህ የሚጥም የምርምር ውጤት አይገኝም።

ፖግባን ያየ

አሁን ወደ ሚያስፈራው። ኤንኤሲ ራሱ ያልተከለከለ ነው፣ ይሄ ተብሏል። ጥያቄው ብልቃጡ ውስጥ ያለው ኤንኤሲ ብቻ ነው ወይ የሚለው ነው።

በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑ ኮሎኝ ላቦራቶሪ ከ13 ሀገራት የተገዙ 634 ሰፕልመንቶችን መረመረ። 94ቱ፣ ማለትም ከመቶ 15 ገደማው፣ መለያው ላይ ያልተጻፈ የተከለከለ ስቴሮይድ ተገኘባቸው። እነዚህ ሁሉ በሕጋዊ ገበያ በግልጽ የሚሸጡ ነበሩ። በሻንጣ ገብቶ፣ ማን እንደሞላው ሳይታወቅ እጅ በእጅ የሚሸጠው ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

ፖል ፖግባ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የዩቬንቱስ ተጫዋች እያለ በተደረገለት ምርመራ ዲኤችኢኤ የተባለ ከቴስቶስቴሮን ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር ተገኘበት። በየካቲት 2024 አራት ዓመት ተቀጣ። በኋላ በስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ሰፕልመንቱን ሆን ብሎ እንዳልወሰደ፣ አንድ ሐኪም እንደሰጠው ተከራክሮ ቅጣቱ ወደ 18 ወር ወረደለት። አራት ዓመቱ ቀረ፣ ግን ዩቬንቱስም ቀረ። ኮሎ ቱሬ በ2011 የማንችስተር ሲቲ ተከላካይ ሆኖ የሚስቱን የማቅጠኛ ክኒን ወስዶ ስድስት ወር ከሜዳ ራቀ። የሊቨርፑሉ ማማዱ ሳኮ በ2016 በስብ ማቃጠያ ምክንያት ታግዶ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ አመለጠው። የሳኮ ደግሞ ያሳዝናል። ንጥረ ነገሩ በዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ ስላልነበረ በኋላ ነፃ ወጣ፣ በ2020ም ዋዳ ይቅርታ ጠየቀው። ፍጻሜው ግን ተመልሶ አይጫወትም።

እነዚህ ጠበቃ የሚቀጥሩ፣ የክለብ ሐኪም ያላቸው ሚሊየነሮች ናቸው። የኮተቤው ወይም የጉርድ ሾላው የተስፋ ቡድን ልጅ ማን አለው? ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሰውነትህ ውስጥ የተገኘው ነገር እንዴት እንደገባ ብታውቅም ባታውቅም ተጠያቂው አንተ ነህ። ‹‹ሻጩ ጓደኛዬ ነው›› ማስረጃ አይሆንም። የሀገሪቱም ስም ቢሆን ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ኢትዮጵያን ከሞሮኮ፣ ከኬንያ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር በፀረ ዶፒንግ አሠራራቸው አሳሳቢ ከሆኑት አምስት ሀገራት አንዷ ብሎ ጠርቷት ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት የተጠናከረው ከዚያ ግፊት በኋላ ነው። ክኒን ከመዋጡ በፊት እዚያ መጠየቅ ይቻላል። መጠየቅ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

ለማን? መቼ?

ጉዳቱን ቶሎ ቶሎ ብለን እንለፈው። ኤንኤሲ በብዛት ሲወሰድ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ሆድ ይረብሻል። በውስጡ ባለው ድኝ ምክንያት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ የሸተተው ሰው ‹‹ተበላሽቷል›› ብሎ ቢጥለው አይፈረድበትም። አስም ያለበት ሰው፣ በተለይ በደም ሥር ወይም በመተንፈሻ ሲሰጠው፣ ትንፋሹ ሊጠብበት ይችላል። ‹‹ትንፋሽ ይጨምራል›› ተብሎ! ናይትሮግሊሰሪን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ አባት ልጁ ያመጣውን ክኒን ቢሞክር የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ራሱን ሊያመው ይችላል። ስዊድኖች ደግሞ በ2014 የሳንባ ዕጢ ያላቸው አይጦች ላይ ሞክረው ኤንኤሲ ዕጢውን እንዳፋጠነው አይተዋል። አይጥ ሰው አይደለም፣ ግን ‹‹ምንም ጉዳት የለውም›› ለሚሉት ይሄ ይነገራቸው።

እንግዲህ ያዋጣል ወይ? በሳምንት ሁለቴ ጂም ለሚሄድና እሁድ ኳስ ለሚጫወት የቦሌ ሠራተኛ አያዋጣም። በዝግጅት ላይ ላለ ታዳጊ ተጫዋች ከማያዋጣም አልፎ ልምምዱን ሊያባክንበት ይችላል። በስድስት ቀን ሦስት ጨዋታ ላለበት፣ ሐኪም ላለው፣ ዕቃው በገለልተኛ ላቦራቶሪ የተመረመረ መሆኑን የሚያሳይ እንደ ኢንፎርምድ ስፖርት ያለ ምልክት ለተገኘለት የክለብ ተጫዋች ለውድድሩ ሳምንት ብቻ ቢሞከር ምክንያት አለው። ያም ቢሆን መጀመሪያ በልምምድ ቀን እንጂ በጨዋታ ቀን አይሞከርም፤ በ60ኛው ደቂቃ ሆዱን ይዞ የሚወጣ የክንፍ ተጫዋች ለማንም አይጠቅምም። ሦስተኛ ቅያሪ ከሌለማ ጭራሽ!

የዋዳ የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር በየዓመቱ ታድሶ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት፣ በኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ሥራ ላይ ይውላል። ዘንድሮ የተፈቀደ ለከርሞ ላይፈቀድ ስለሚችል በየዓመቱ ማየት የተጫዋቹ ሥራ ነው። ብልቃጡንና ደረሰኙን አለመጣልም እንደዚሁ፤ ምርመራው ላይ ያልታሰበ ነገር ቢመጣ ተጫዋቹ ለመከራከር በእጁ የሚይዘው የመጀመሪያው ማስረጃ ያ ብልቃጥ ነው።